ከመውጫው ጀምሩ፦ ለሚያድግ ሰፈር የጋራ ፍሳሽ መስመር አሠራር

በአንድ የረመዳን ምሽት የጎረቤታችን የሽንት ቤት ጉድጓድ ሞልቶ ወደ መተላለፊያው ወጣ። አፍጥር ሊደርስ ነው። ልጆች ሳምቡሳ የሞላበት ሳህን ይዘው ከቤት ቤት ይሯሯጣሉ። በዚያው ውሃ ላይ እየዘለሉ ነው የሚሄዱት። የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ጠራን። መኪናው መጣ፣ ግን የእኛ መተላለፊያ ባጃጅ እንጂ ቦቴ አያስገባም። የመምጠጫ ቱቦውም አልደረሰም። ሹፌሩ ይቅርታ ጠይቆ ተመለሰ። እኛም ያን ሌሊት በባልዲ ስንቀዳ አነጋን።

ሰፈራችን ከድሬዳዋ መሃል ወጣ ያለ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግራር የበዛበት ሜዳ ነበር። ከዚራ የሚባለው የከተማው ክፍል መንገዱ ቀድሞ ተቀይሶ ነው ቤት የተሠራበት። እኛ ጋ ግን ቤቱ ቀደመ፣ መንገዱ ተከተለ፣ ፍሳሹን ያሰበ አልነበረም። ከዚያ ምሽት በኋላ ኮሚቴ አቋቁመን ሁለት መስመር ሠራን። የመጀመሪያው በሦስት ወሩ ተደፈነ። ሁለተኛው እስከ ዛሬ እየሠራ ነው። ይህን የምጽፈው እንደ እኛ በመስፋፋት ላይ ላላችሁ፣ ለመልካ ጀብዱም ይሁን ለሌላ የድሬና የሐረር ዳርቻ ሰፈር ነዋሪዎች ነው።

መጀመሪያ መውጫውን ፈልጉ

ሰው ሁሉ ከቤቱ ይጀምራል። ቱቦ ይገዛል፣ ይቆፍራል፣ ይቀብራል። መጨረሻ ላይ «የት ይውጣ?» ይባላል። ያኔ መልሱ ሁሌም አንድ ነው፤ ወንዙ ውስጥ። እባካችሁ በተቃራኒው ሂዱ። ፍሳሹ የት እንደሚያርፍ ሳታውቁ አንድ ሜትር ቱቦ አትግዙ።

ድሬ ላይ አቅጣጫው ግልጽ ነው። ተራራው በደቡብ ነው፣ መሬቱ ወደ ሰሜን ይወርዳል። የከተማው ወንዝ ደቻቱም የሚወርደው ወደዚያው ነው። ግን በየሰፈሩ ጉብታና ስርጉድ ስላለ በዓይን አትመኑ። የሰፈራችሁን ዝቅተኛ ጫፍ በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩት። የሚቻል ከሆነ ዝናብ ሲጥል ሂዱ። የዝናቡ ውሃ የሚሰበሰብበት ቦታ ብዙ ይነግራችኋል።

ያላችሁ ምርጫ ሁለት ነው። የከተማው የፍሳሽ መስመር በአቅራቢያችሁ ካለ እሱ ላይ መቀጠል፣ ከሌለ የራሳችሁን ማጣሪያ ኩሬ መሥራት። ደቻቱ ውስጥ መልቀቅ ምርጫ አይደለም። አሸዋው ላይ ልጆች ይጫወታሉ፣ ሰው ይሻገርበታል። ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ የድሬ ሰው ያውቃል። በ1998 ዓ.ም. የሐምሌ ወር ሊያልቅ ሲል በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ወንዙ ዳር የተከማቸ ቆሻሻ ሁሉ ጎርፍ ሲነሳ ወደ ሰው ቤት ይገባል።

ከዚህ የሚብስ ምክንያትም አለ። እኛ የምንጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለንም፣ ሐይቅ የለንም። የከተማው ውሃ ሳቢያን አካባቢ ካሉትና ከሌሎች ጉድጓዶች ነው የሚሳበው። ሐረርም የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ውሃ የምታገኘው ድሬዳዋ በኩል ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ነው። ሽንት ቤታችን የሚሰርገው ወደዚያው መሬት ነው። በከተማው የከርሰ ምድር ውሃ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ናይትሬት የሚባል በውሃ የሚሟሟ ንጥረ ነገር ከፍ ብሎ አግኝተዋል። አንዱ ምንጩ የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ ይበልጥ የሚጎዱት በጡጦ የሚመገቡ ጨቅላዎች ናቸው፤ ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ናይትሬት በማፍላት አይጠፋም። እንዲያውም ውሃው ሲተን እሱ ይበልጥ ይወፍራል። ይህን አንድ ነገር ለእናቶች ሁሉ ንገሩ፤ እኛ ኮሚቴ ውስጥ ሰዉን ያንቀሳቀሰው ይህ ወሬ ነው።

ቤት ለቤት ቁጠሩ

አንድ ደብተርና ሁለት ሰው ይበቃል። አንዷ ሴት ብትሆን ጥሩ ነው፤ ስለ ሽንት ቤትና ስለ ውሃ እውነቱን የሚያውቁት የቤት እመቤቶች ናቸው። ስንት ሰው ይኖራል? ሽንት ቤቱ ደረቅ ጉድጓድ ነው ወይስ በውሃ የሚለቀቅ? ጉድጓዱ ግቢው ውስጥ የት ጋ ነው? ከመተላለፊያው ከፍ ይላል ወይስ ዝቅ? የቧንቧ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሮቶ አለ ወይስ በርሜልና ጄሪካን ነው? ፍየል ወይም ላም አለ? የውሃ ጉድጓድ ያለበት ግቢ ካለ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት።

ቀጥሎ ሒሳቡ ነው። 300 አባወራ፣ በቤት በአማካይ 5 ሰው ብትሉ 1,500 ሰው ነው። አንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ውሃ ቢጠቀም፣ ከዚያ ውስጥ ወደ 80 በመቶው ፍሳሽ ይሆናል። በነፍስ 40 ሊትር ማለት ነው። ጠቅላላው በቀን 60,000 ሊትር ወይም 60 ሜትር ኩብ ይመጣል። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ሁሉም ነገር በእሱ ላይ ነው የሚሠራው። የእናንተ ቁጥር የተለየ ከሆነ በራሳችሁ ተኩ። ሰፈሩ እያደገ ስለሆነ ደግሞ የዛሬውን ብቻ አትያዙ። ባዶ የሆኑትን ቦታዎች ሁሉ ቤት እንደተሠራባቸው አድርጋችሁ ቁጠሩ።

ውሃችሁ ስንት ነው? መስመሩን እሱ ይመርጥላችኋል

ብዙ ሰፈር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቱቦ ቆሻሻን የሚገፋው በውሃ ነው። ውሃ ካነሰ ደረቁ ነገር ይቀራል፣ ይደርቃል፣ ይደፍናል። ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር፣ ሰው በጆግ እየለካ በሚጠቀምበት ቀን፣ ትልቅ ከተማ ላይ የሚሠራው ዓይነት መስመር አይሠራም።

ሁለት ዓይነት ቀለል ያለ መስመር አለ። አንደኛው ቀጭን ቱቦ በግቢና በመተላለፊያ ውስጥ ጥልቀት ሳይበዛ የሚቀበርበት ነው። ይህ አሠራር በብራዚል ናታል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ የተጀመረ ነው። ትልቁን ማንሆል (ሰው የሚገባበትን መክፈቻ) በትንንሽ መክፈቻ ሳጥን ተክቶ ወጪውን ብዙ ይቀንሳል። ሁለተኛው ደረቁን ነገር መጀመሪያ በታንክ አስቀርቶ ውሃውን ብቻ በቱቦ የሚልክ ነው። ውሃ ለሚያጥረው ሰፈር እኔ የምመክረው ሁለተኛውን ነው።

እኛ ሁለቱን አጣመርናቸው። ከየቤቱ እስከ መተላለፊያው አፍ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ በደንብ አዘንብለን ቀበርን። መተላለፊያው አፍ ላይ፣ መኪና በሚደርስበት ቦታ፣ አንድ የጋራ ሴፕቲክ ታንክ ሠራን። ከታንኩ የሚወጣው ውሃ ብቻ ወደ ኩሬው ይሄዳል። ያን ምሽት ቦቴው ሊገባ ያልቻለበት ችግርም በዚሁ ተፈታ። አሁን መምጠጫ መኪናው ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ ይመጥጣል።

የታንኩ ልክ እንዲህ ይወጣል። በአንድ መተላለፊያ 24 ቤት፣ 120 ሰው አለ እንበል። በቀን 4.8 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ይገባል። ታንኩ የአንድ ቀን ፍሳሽ መያዝ አለበት። በዚያ ላይ ለዝቃጩ በሰው በዓመት 40 ሊትር ያህል ቦታ ጨምሩ። ለሁለት ዓመት 9.6 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንድ ላይ ወደ 15 ሜትር ኩብ ነው። የውሃው ጥልቀት 1.8 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር፣ ርዝመቱ 4.2 ሜትር ቢሆን ይበቃል። መሃሉን በግድግዳ ክፈሉት፣ የመጀመሪያው ክፍል ሁለት ሦስተኛውን ይያዝ። ወለሉም ግድግዳውም ውሃ እንዳያሳልፍ ውስጡን በሲሚንቶ በደንብ ልሰኑት። ታችኛው ክፍት የሆነ «ታንክ» ታንክ አይደለም፤ የምንጠጣውን ውሃ የሚበክለው ያው ጉድጓድ ነው።

ወረቀቱን ቀድማችሁ ጨርሱ

የመተላለፊያውን ነዋሪ ሰብስቡ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ሁሉም ይፈርም። ከዚያ ቀበሌ፣ ከቀበሌ የውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት፣ የአካባቢ ጥበቃ እና የመሬት ጉዳይ የሚመለከተው ክፍል አለ። ኩሬ ለመሥራት ቦታ ስለሚያስፈልግ የመጨረሻው ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ወንዝ መልቀቅ በብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የሚያስጠይቅ መሆኑን እወቁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ደግሞ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖር መብታችሁ ነው። ደብዳቤያችሁ ላይ ሁለቱንም ጥቀሱ።

የገባ ወረቀት ሁሉ ኮፒ ይኑራችሁ፣ ኮፒው ላይ የተቀባዩ ማኅተምና ቀን ይታተም። እኛ አንድ ቢሮ ሰነዳችን ጠፋ ተብለን ከዜሮ ጀምረናል። አራት ወር ባከነብን። ማኅተም ያለበት ኮፒ ቢኖረን ኖሮ ያን ያህል አንለፋም ነበር።

ገንዘቡን በመተላለፊያ ሰብስቡ

እ.ኤ.አ. በ1980 በፓኪስታን ካራቺ፣ ኦራንጊ በሚባል ሰፊ ሰፈር፣ አክታር ሐሚድ ካን የሚባሉ ሰው አንድ ሥራ ጀመሩ። ነዋሪው የቤቱንና የመተላለፊያውን መስመር በራሱ ገንዘብና ጉልበት ይሠራል፣ ትልቁ ሰብሳቢ መስመርና ማጣሪያው የመንግሥት ይሆናል። አንድ መተላለፊያ ከ20 እስከ 30 ቤት ነበረው። የራሱን ሰው መርጦ የራሱን ገንዘብ ይሰበስብ ነበር። ይህ ክፍፍል ለእኛም ሠርቷል። መላው ሰፈር አንድ ላይ ይዋጣ ከተባለ ማን እንደከፈለ፣ ማን እንዳልከፈለ አይታወቅም። 24 ቤት ግን ይተዋወቃል።

ዕድር ካላችሁ መዋቅሩ ቀድሞም አለ። ሒሳብ ያዥ አለ፣ ደብተር አለ፣ መተማመን አለ። አቅም የሌለውን ቤት በጉልበት አስገቡት፣ ወይም በየወሩ ይክፈል። ማንንም አትተዉ። አንድ ቤት ከመስመሩ ውጭ ከቀረ የእሱ ጉድጓድ ሞልቶ ወደ ሁላችሁም ደጅ ይመጣል። እኛ ጋ አንዲት ባልቴት መክፈል አልቻሉም። የሠራተኛውን ምሳ እኔ እሠራለሁ አሉ። በየቀኑ ሩዝና ፉል አበሉን። ማንም ከእሳቸው የበለጠ አዋጣሁ አይልም።

ተዳፋቱን በላስቲክ ቱቦ ለኩ

ዋናው ነገር እዚህ ነው፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። የመጀመሪያው መስመራችን የሞተው በ4 ሳንቲ ስህተት ነው።

ግልጽ የሆነ፣ ውስጡ የሚታይ ላስቲክ ቱቦ ግዙ። ጣት ያህል ይወፍር፣ 15 ሜትር ይርዘም። ውሃ ሙሉት። ውሃው እንዲታይ እኛ ትንሽ ሻይ ጠብ አደረግንበት። ቱቦው ውስጥ አንድም የአየር አረፋ አይኑር። አረፋ ካለ ልኩ ይዋሻል። ሁለቱን ጫፍ ወደ ላይ ያዙ፣ ጣታችሁን አንሱ፣ ውሃው እስኪረጋ ጠብቁ። በሁለቱ ጫፍ ያለው ውሃ ሁሌም እኩል ከፍታ ላይ ነው። ሥራውን በጠዋት ጀምሩት። ድሬ ላይ ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ሰውንም ቱቦውንም ታለፋለች፣ የሰለቸ ሰው ደግሞ ልክ ይስታል።

በየ10 ሜትሩ ካስማ ትከሉ። አንዱ ሰው የቱቦውን ጫፍ የመጀመሪያው ካስማ ላይ ይያዝ፣ ሌላው ሁለተኛው ላይ። ውሃው የቆመበትን በሁለቱም ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ከምልክቱ እስከ መሬት በሜትር ለኩ። የሁለቱ ልዩነት የመሬቱ መውረድ ነው። እንዲህ እያላችሁ እስከ ታንኩ ድረስ ሂዱ፣ ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፉ።

ከየቤቱ እስከ ታንኩ ላለው ቱቦ በየሜትሩ 1 ሳንቲ መውረድ ያዙ። መተላለፊያው 80 ሜትር ቢሆን በጠቅላላው 80 ሳንቲ ነው። መሬቱ በቂ ካልወረደ እስከ ግማሽ ሳንቲ መቀነስ ይቻላል፣ ያኔ 40 ሳንቲ ይሆናል። ከዚያ በታች ግን ደረቁ ነገር ይቀመጣል። ከታንኩ በኋላ ያለው መስመር ውሃ ብቻ ስለሚሄድበት ከዚህ የለሰለሰ ተዳፋት ይችላል። ቢሆንም ወደ ኋላ የሚያዘነብል ቦታ አይኑረው።

የእኛ ስህተት ሦስተኛና አራተኛው ካስማ መሃል ነበር። ለኩ የተባሉት ልጆች ቸኩለው በዓይን ገመቱት። ቱቦው እዚያ ጋ 4 ሳንቲ ወደ ኋላ አዘነበለ። የድሬ ውሃ ደግሞ ከአሸዋ ጋር ነው የሚመጣው። ግቢው አሸዋ፣ እግሩ አሸዋ፣ ድስቱም የሚታጠበው በአሸዋ ነው። አሸዋው ያችን ጎድጓዳ ፈልጎ ተኛባት። ስንከፍተው የቱቦው ግማሽ በጠንካራ አሸዋ ተሞልቶ ነበር፣ በላዩ ደግሞ የጫት ገረባ ተጠላልፎበታል። 12 ሜትር መልሰን ቆፈርን።

ቁፋሮና ቱቦ

ከታች ወደ ላይ ቆፍሩ። ከታንኩ ተነስታችሁ ወደ ቤቶቹ ውጡ። ከላይ የጀመረ ሰው ታች ሲደርስ ወይ ይጠልቅበታል ወይ ይወጣበታል።

ሰው ብቻ በሚሄድበት ግቢ ቱቦው ላይ 40 ሳንቲ አፈር ይበቃል። ባጃጅ በሚያልፍበት መተላለፊያ 60 ሳንቲ አድርጉ። አይሱዙ በሚገባበት መንገድ 90 ሳንቲና ከዚያ በላይ ይሁን። አሸዋማ መሬት ይናዳል፣ ስለዚህ ከወገብ በላይ የጠለቀ ቦይ ውስጥ ግድግዳው በእንጨት ሳይደገፍ ማንም አይግባ። የተቆፈረውን አፈር ከቦዩ ጠርዝ አርቁት።

ቱቦ ከመውረዱ በፊት ቦዩ ወለል ላይ ጠጠር የሌለው 10 ሳንቲ አሸዋ አንጥፉ። አሸዋ እዚህ ሀገር ሞልቷል፣ አትሰስቱ። ፒቪሲ ቱቦ በአንዱ ጫፍ ሰፊ አፍ አለው። ያ አፍ ሁሌም ወደ ላይኛው አቅጣጫ ይዙር። ፒቪሲ የመረጥነው ምክንያት አለው። በሞቃት ቦታ ከፍሳሽ የሚወጣው ጋዝ ሲሚንቶ ይበላል። አንድ ቱቦ 6 ሜትር ነው። ለ80 ሜትር 14 ቱቦ ያስፈልጋል፣ መቆራረጫ ሁለት ጨምሩ። የውሃ ቧንቧ በአካባቢው ካለ ፍሳሹ ከእሱ ሥር ይለፍ፣ ጎን ለጎን ከሄዱም ቢያንስ 3 ሜትር ይራራቁ። ቧንቧችን ውሃ በሚጠፋ ቀን ባዶ ስለሚሆን በዙሪያው ያለውን ወደ ውስጥ ይስባል። ይህን ርቀት በጭራሽ አትቀንሱ።

በየ20 ወይም 25 ሜትሩ፣ በየመታጠፊያውና ቤት በሚገናኝበት ቦታ በብሎኬት መክፈቻ ሳጥን ሥሩ። የውስጡ ወርድ 40 በ40 ሳንቲ ይሁን፣ ክዳኑ ኮንክሪት። ወለሉ ላይ ግማሽ ክብ ቦይ ይኑር፤ ጠፍጣፋ ወለል ቆሻሻ ይይዛል። 90 ዲግሪ ጎሚቶ (መታጠፊያ) አትጠቀሙ። ሁለት ባለ 45 ዲግሪ አገናኝታችሁ አዙሩት። ክዳኑ ከመሬት በጣት ያህል ከፍ ይበል፣ የዝናብ ውሃ አሸዋ ይዞ እንዳይገባ።

አፈር ከመመለሳችሁ በፊት ሞክሩ። ከላይ በኩል የልጆች ትንሽ ኳስ፣ ከቱቦው ትንሽ የምታንስ፣ ከሁለት ባልዲ ውሃ ጋር ልቀቁ። ታች መድረስ አለባት። ከዚያ የታችኛውን አፍ ድፈኑ፣ ቱቦውን በውሃ ሙሉ፣ አንድ ሰዓት ጠብቁ። ላይ ያለው ውሃ ከወረደ የሚያፈስ መገናኛ አለ። እኛ ጋ ሐጂ፣ የመተላለፊያችን ሽማግሌ፣ ኳሷን በእጃቸው ለቀው ታች ድረስ እየሄዱ በየሳጥኑ አጎንብሰው ያዩ ነበር። መጨረሻው ጋ ስትወጣ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ሁላችንም አፈሩን መመለስ የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው።

ቤቶቹን ስታገናኙ

እያንዳንዱ መውጫ ሲፎን (ውሃ ይዞ ሽታ የሚዘጋ ጠማማ ቱቦ) ይኑረው፣ አለበለዚያ ሽታው ወደ ቤት ይመለሳል። የማዕድ ቤቱ ውሃ መጀመሪያ በወንፊት፣ ቀጥሎ ዘይት በሚያስቀር ትንሽ ሳጥን ይለፍ። ሽሮውና ሩዙ ግድ የለም፣ ዘይቱ ግን ቱቦ ውስጥ እንደ ሻማ ይጋገራል። ምግብ የሚሸጥ ቤት ካለ ሳጥኑ ትልቅ ይሁን፣ በየሳምንቱም ይጠረግ። የጣሪያ ውሃ መስመሩ ላይ እንዳይገናኝ። አንድ የክረምት ዶፍ ታንኩን አጥቦ ዝቃጩን ወደ ኩሬው ይነዳዋል። ገረባ፣ ሶፍት፣ የሕፃን ዳይፐር፣ ላስቲክ አይገባም። ይህን ለልጆች ንገሩ፤ ትልልቆቹን የሚያርሙት እነሱ ናቸው።

አሮጌውን ጉድጓድ ክፍት አትተዉት። አስመጥጡት፣ ኖራ ነስንሱበት፣ በገረጋንቲ ሙሉት፣ ጠቅጥቁት። ማንም ሰው ወደ አሮጌ ጉድጓድም ወደ ታንክም አይግባ። እዚያ ያለው ጋዝ በአንድ ትንፋሽ ይጥላል። የወደቀውን ላውጣ ብሎ የገባው ሁለተኛው ሰውም ይሞታል። አፍንጫ በጨርቅ መሸፈን አያድንም። ክብሪት ጭሮ መሞከርም እሳት ያስነሳል።

ኩሬው

ድሬ ሞቃት ነች። ለኩሬ ማጣሪያ ይህ ሀብት ነው። ፀሐይና ሙቀት ያለ መብራት፣ ያለ ሞተር ይሠራሉ። ዲዛይኑን መሐንዲስ ይሥራው፣ ግን ቦታ ለመጠየቅ እንዲረዳችሁ ግምቱ ይኸው። 1,500 ሰው በቀን ወደ 60 ኪሎ የሚበሰብስ ቆሻሻ ይለቃል፣ ኦክስጅን በሚፈጀው መጠን ሲለካ። ታንኮቹ ሲሶውን ቢያስቀሩ 40 ኪሎ ይቀራል። በድሬ ሙቀት አንድ ሄክታር ኩሬ በቀን 300 ኪሎ ያህል ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ኩሬ ወደ 1,350 ካሬ ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር ይሁን። ከእሱ ቀጥሎ ጥልቀታቸው 1 ሜትር የሆኑ፣ እያንዳንዳቸው 300 ካሬ ሜትር የሚሆኑ ሁለት ትንንሽ ኩሬዎች። ከነግድቡ፣ ከነመንገዱና ከነአጥሩ 4,000 ካሬ ሜትር ጠይቁ።

ከቤት ቢያንስ 200 ሜትር ይራቅ፣ 500 ቢሆን ይሻላል። ነፋስ ከሰፈሩ ወደ ኩሬው የሚነፍስበትን አቅጣጫ ምረጡ። ከጎርፍ መንገድ ውጭ ይሁን። ወለሉ በሸክላ አፈር ይጠቅጠቅ ወይም ወፍራም ላስቲክ ይነጠፍበት፤ አሸዋማ መሬት ላይ ያለዚህ ሁሉም ነገር ወደ ጉድጓዶቻችን ይሰርጋል። ጠርዙን በድንጋይ ንጠፉት፣ ሣር እንዳይበቅልበት። ኩሬ ላይ ትንኝ የምትራባው ሣር ውሃ ላይ በተኛበት ነው። አጥሩ ፍየል የማያሳልፍ ይሁን።

ጤነኛ ኩሬ አረንጓዴ ነው። ወደ ሐምራዊ ወይም ጥቁር ከተለወጠና ከሸተተ ከአቅሙ በላይ ገብቶበታል ማለት ነው። የሚወጣው ውሃ ለዛፍና ለከብት መኖ ሣር ይሆናል። ጥሬ ለሚበላ አትክልት ግን ላብራቶሪ ሳያየው አትጠቀሙበት። የአንጀት ትል ዕንቁላል በሊትር ከአንድ መብለጥ የለበትም።

ከተሠራ በኋላ

አንድ ሰው በደመወዝ ቅጠሩ። በፈቃደኝነት የሚጠረግ መስመር ከሁለት ወር አያልፍም። ጓንት፣ ቦቲ ጫማና ረጅም ተጣጣፊ ዘንግ ይኑረው። በየሳምንቱ ሳጥኖቹን ይክፈት፣ በየወሩ የታንኩን ዝቃጭ በረጅም እንጨት ይለካ። እንጨቱ ጫፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ጠቅልሉበት፣ ዝቃጩ የደረሰበት ይጠቁራል። ከውሃው ጥልቀት ሲሶው ላይ ከደረሰ ቦቴ ጥሩ። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ በየወሩ ከዕድሩ መዋጮ ጋር አብሮ ይሰብሰብ፣ ግን በተለየ ደብተር ይያዝ። በየካቲት መጨረሻና በሰኔ፣ ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት፣ ክዳኖቹን ሁሉ ፈትሹ። የተሰነጠቀ ካለ ያኔውኑ ቀይሩ።

ቱቦው ገና ሳይሸፈን የመስመሩን ካርታ ሣሉ። ባለሙያ አያስፈልግም፣ የትምህርት ቤት ደብተር ላይ ይበቃል። እያንዳንዱ ሳጥን ከሁለት ቤት ጥግ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ጻፉ፤ አጥር ይፈርሳል፣ ዛፍ ይቆረጣል፣ የቤት ጥግ ግን ይቆያል። ሦስት ኮፒ አንሱ። አንዱ ከዕድሩ ሰብሳቢ ጋር፣ አንዱ ቀበሌ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ። ሦስተኛውን እኛ በላስቲክ ሸፍነን የባልቴቷ ሱቅ ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል። የቧንቧ ሠራተኛ ሊቆፍር ሲመጣ መጀመሪያ የሚላከው እሳቸው ጋ ነው።